ሳሌም ለጓደኛዋ ያካፈለቻት ክኒን

እስቲ ያቺን ሴት እዩአት። ከትምህርት ቤቱ ዲን ቢሮ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ልትነሳ እንደተዘጋጀች ሆና የተቀመጠችውን። ካፖርቷን አላወለቀችም። ካወለቀችው ከሥሩ ሰማያዊው የሥራ ልብሷ ይታያል፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የሚወጣው ሌላ ሰው ሲሆን መልሳ ትቀመጣለች።

የዓለምዘርፍ ትባላለች። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዊተን ውስጥ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም ሽማግሌና አሮጊት የምትጦር የነርስ ረዳት ናት። አንድ ልጇ ሳሌም እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከፌርፋክስ አልፎ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በሙሉ ስኮላርሺፕ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ገባች ከተባለ የዛፉ ቅጠል እንኳ ረግፎ አላለቀም። አሁን ከዚያ በር ኋላ ያሉት ሰዎች ሳሌም ትቆይ ወይስ ትባረር እያሉ ነው።

ምን አድርጋ? ለጓደኛዋ መድኃኒት ሰጥታ። መድኃኒቱን ለሳሌም ማን ሰጣት? እናቷ። እናቷ ግን ይህንን ለትምህርት ቤቱ ሰዎች ገና አልተናገረችም። አግዳሚው ላይ ብድግ ቁጭ የሚያሰኛት ይኸው ነው።

የዓለምዘርፍ በዲቪ የመጣችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ላይ ነው። ባሏ ብዙም ሳይቆይ "ዳላስ ሥራ አለ" ብሎ ሄደ፤ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። እሷ ልጇን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች፣ ቀጥሎ ሆቴል አልጋ አነጠፈች፣ በኋላ ኮርሱን ወስዳ፣ ፈተናውን ወድቃ፣ ደግማ ወድቃ፣ አለፈች። ያቺን የነርስ ረዳትነት ሰርተፊኬት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። ሕመም እንቅልፍ የነሳት አሮጊት "ማሬ፣ አንዲት ታይሌኖል ብቻ አቀብይኝ፣ መሳቢያው ውስጥ አለች" ብላ ስትለምናት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አልችልም፤ ነርሷን እጠራልሻለሁ።" የነርስ ረዳት መድኃኒት በእጁ አይሰጥም። መሳቢያው ክንዷ ሥር ቢሆንም፣ አሮጊቷ ብታለቅስም አይሰጥም።

እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ቤቷ ስትደርስ ግን ጥንቃቄዋን ከሥራ ጫማዋ ጋር በር ላይ ታወልቀው ነበር። አትሳቁባት። ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው ለፈረንጅ እናት የሚሳሳውን ያህል ለገዛ ልጁ የሚሳሳው?

ሳሌም ወደ ትምህርት ቤቱ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ለሽኝት መጣ። እኛ ሰው ስንሸኝ ባዶ እጃችንን አንመጣም፤ የመጣው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ የድርሻውን ይወረውራል። አንዷ በሶ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ ሌላዋ በኮካ ጠርሙስ ጸበል። ሻንጣው የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ታጨቀ። በመጨረሻ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ አበዛሽ መጡ። ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ገና አንድ ሳምንታቸው ነው። ከጡታቸው ሥር በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

"ይህችን ያዢላት። አሞክሳሲሊን ናት። ያለ ሐኪም ወረቀት ነው የሸጡልኝ፣ ይባረኩ።"

"ምን ያደርግላታል እትዬ አበዛሽ? ትምህርት ቤቱ እኮ ነርስ አለው።"

"ነርስ! የዚህን አገር ነርስ አላውቀውምና ነው? ጉሮሮዬ ተዘግቶ ብሄድላት 'ውኃ ጠጪ' ብላ መለሰችኝ። ውኃ ልጠጣ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣሁት?"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። የዓለምዘርፍም ሳቀች። እየሳቀች ካፕሱሎቹን ከማሸጊያቸው ፈለፈለችና፣ ቦታ እንዳይፈጁ ብላ፣ አጥባ ያስቀመጠቻት አንዲት የቅመም ብልቃጥ ውስጥ ጨመረቻቸው። ስሙ የተጻፈበትን ማሸጊያ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ሥራ ቦታዋ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ብታይ ጮኻ ነርስ ትጠራ ነበር!

"ጉሮሮሽን ካመመሽ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ነው። ዳቦ ቆሎውን ደግሞ ብቻሽን እንዳትበዪ፤ አብራሽ ለምታድረው ልጅ አካፍዪ። ያለሽን መስጠት ልመጂ" አለቻት ለሳሌም።

"ኦኬ እማ፣ አይ ኖው" አለች ሳሌም፣ ስልኳን እያየች።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ወላጆች አዳራሽ ገቡ። ነርሷ ተነስታ ተናገረች። ማንኛውም መድኃኒት፣ ቫይታሚንም ይሁን የቤት ቅጠል፣ ልጆች ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ስሙና መጠኑ በተጻፈበት በራሱ ዕቃ ሆኖ ከመሄዳችሁ በፊት ለእኔ አስረክቡ። ልጃችሁን የሚያማትን፣ ሰውነቷ የማይቀበለውን ንገሩኝ። በየፎቁ ከልጆቹ ጋር የምታድር አስተማሪ አለች፤ ክሊኒኩ ተዘግቶ ልጅ ቢታመም እሷን ይቀስቅስ፣ እሷ እኔን ትጠራለች። አለች፣ ተቀመጠች። ፈረንጆቹ ወላጆች ፌስታል ፌስታላቸውን ይዘው ተሰለፉ።

"ምን አለች?" አለች የዓለምዘርፍ።

"ምንም። ጤናችሁን ጠብቁ፣ ምናምን።"

"ሰዎቹ ታዲያ ምን ይሠራሉ?"

"የሚታመም ልጅ ያላቸው ናቸው። ዊር ጉድ እማ። ክፍሌን ልይ፣ ፕሊስ፣ እንሂድ።"

ሳሌም ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። ክፍሏን ለማየት ቸኩላለች፤ እናቷ ደግሞ ሰው ፊት እጇን አውጥታ በዚያ እንግሊዝኛዋ እንዳትጠይቅ ፈርታለች። ስንት ዓመቷ ነው? ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ባንክ አስተርጉሚ፣ ክሊኒክ አስተርጉሚ፣ የመብራት ኃይል ሰውዬ ምን ይላል እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። ልጅ ደግሞ የሚያሳፍረውን ይዘላል፣ የሚያስቆጣውን ያለዝባል፣ የሚያስረዝመውን ይቆርጣል። አዋቂው ምን ነክቶት ነው የራሱን ኃላፊነት የልጅ ምላስ ላይ የሚጭነው? ትምህርት ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ በነፃ ነው፤ "አማርኛ" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ማን አለ?

ከሳሌም ጋር የምታድረው ልጅ ክሌር ትባላለች፤ ዳቦ ቆሎ ወድዳ በኪሷ ይዛ ክፍል የምትገባ የፔንሲልቫኒያ ልጅ። አንድ ምሽት ጉሮሮዋን አመማት። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ሳሌም ኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን አስተማሪ አልጠራችም። ለምን ትጠራለች? ያላትን መስጠት ተምራ ነው የመጣችው። ብልቃጧን ከሻንጣዋ አወጣች።

"ምንድን ነው?" አለች ክሌር።

"የጉሮሮ ነው። እናቴ ናት የሰጠችኝ" አለች ሳሌም።

አሞክሳሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ነው። የክሌር ሰውነት ፔኒሲሊን አይቀበልም፤ ይህንን እናቷ ለነርሷ አስመዝግባለች፤ ክሌርም ታውቃለች። ብልቃጧ ላይ ስሙ ቢኖር "አልነካውም" ትል ነበር። ስም የለም። ዋጠችው። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ተደፈነ፣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሳሌም ኮሪደሩን በጩኸት ሞላችው። አምቡላንስ ከነመርፌው ባይደርስ ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ቀብር ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ ሲደወል የዓለምዘርፍ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ እያጠበች ነበር። ከዲኗ ንግግር ውስጥ የያዘችው ሦስት ቃል ነው፤ ሳሌም፣ ሆስፒታል፣ መድኃኒት። ልጄ ሞተች አለች። ስልኩ ላይ ጮኸች። ዲኗ ይህን ስትረዳ ስልኩን ለሳሌም ሰጠቻት።

"እማ፣ እኔ ደህና ነኝ። የታመመችው ክሌር ናት፤ አሁን ተሽሏታል። እማ፣ ስሚኝ፤ አንቺ ምንም አታውቂም፣ እሺ? ከእትዬ አበዛሽ ቤት ሰርቄ ነው ያመጣሁት ብዬ ፈርሜያለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ላይሰንስሽን ይወስዱብሻል። መድኃኒት አልሰጥም ትዪ የለ ሁልጊዜ? እንደሰጠሽኝ ካወቁ ሥራሽ አለቀ። ነገ ስብሰባ አለ። ምንም አትበዪ። እኔ ልጅ ነኝ፣ አይ ዊል ቢ ፋይን።"

ዲኗ እዚያው ሳሌም ፊት ተቀምጣለች። ከአማርኛው አንድም ቃል አልገባትም።

የዓለምዘርፍ የዚያን ዕለት መኪና መንዳት አልቻለችም። በነጋታው ሥራ ገብታ እስከ ሰዓቷ ሠራችና ለገብረየስ ደወለች። ገብረየስ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ባለታክሲና የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ሰው ፍርድ ቤት ሲጠራ፣ ኢሚግሬሽን ሲጠራ፣ ከባሉ ሲጣላ የሚደወለው ለእሱ ነው። ወዲያው መጣ። ይህን ቸርነቱን ማንም አይክደውም። ምክሩን ግን ስሙልኝ።

"እንግዲህ ስንገባ አንቺ አልቅሺ" አለ፣ አውራ ጎዳናውን እንደያዙ። "ንግግሩን ለእኔ ተዪው።"

"ምን ሊሉ ነው ጋሼ ገብረየስ?"

"ልጅቷ ያለችውን ነዋ! እናቲቱ የምታውቀው የለም።"

"አውቃለሁ እኮ።"

"አሁን ማን ጠየቀሽ? የምታውቂውን ሁሉ ልትናገሪ ነው አሜሪካ የመጣሽው?"

"ቢያባርሯትስ?"

"ቢያባርሯትስ! ሲልቨር ስፕሪንግ ሃይስኩል ጠፋ? የልጅ ጥፋት ይረሳል። ያንቺ ሰርተፊኬት ከተያዘ ግን ቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልሻል? እኔ?"

"ሌባ ነኝ ብላ እኮ ነው የፈረመችው። ልጄ ሌባ ተብላ ትባረር?"

"እኔስ? 'ስኮላርሺፕ ያገኘች ልጃችን' ብዬ ስብሰባ ላይ ያስጨበጨብኩት እኔ አይደለሁም? አሁን ምን ብዬ ልነሳ ነው?"

በዚህ መሀል የዓለምዘርፍ ስልክ ጮኸ። አበዛሽ ናቸው፤ ወሬው ደርሷቸዋል።

"ስሜን እንዳታነሺ! በእመቤቴ ይዤሻለሁ! የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ነው!"

"ሳሌም ከእርስዎ ቤት ሰረቅኩ ብላለች እትዬ አበዛሽ። ስምዎ ተነስቷል።"

"ሰረቅኩ አለች?" ድምፃቸው ተለወጠ። "ታዲያ እንዲያ ከሆነ እኮ እኔ ተበዳይ ነኝ!"

ገብረየስ መሪውን እየመታ ሳቀ። የዓለምዘርፍ ስልኩን ዘጋችው።

ልብ አላችሁ? ከሚመክሯት ሁሉ አንድም ሰው ስለ ክሌር አልጠየቀም። አንድም! የሰው ልጅ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የእኛ ሰው የሚያሳስበው ስሙ፣ ወረቀቱና ጭብጨባው ነው። ይህንን "መረዳዳት" እንለዋለን፤ እናፍራ እንጂ!

እንዲህ ሆና ነው እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው። ገብረየስ አጠገቧ ከረባቱን ያስተካክላል። ሳሌም ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ከአንዲት አስተማሪ ጋር መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። እናቷን ስታይ አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች።

"በልተሻል?" አለች እናት።

"አልራበኝም። እማ፣ ፕሊስ። እንዳልኩሽ።"

"ሳሌም..."

"አንቺ ሥራ ከለቀቅሽ እኔ እዚህ ተቀምጬ መማር የምችል ይመስልሻል?"

መልስ ሳትሰጣት በሩ ተከፈተ። ተጠሩ።

ውስጥ ዲኗ፣ ነርሷና ሁለት አስተማሪዎች አሉ። ዲኗ መጀመሪያ የጠየቀችው የስልክ አስተርጓሚ ይፈለግ እንደሆነ ነው። ገብረየስ እጁን አነሳ፤ "አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ። አጎቷ ነኝ።" አጎቷ አይደለም። እኛ ዘንድ አጎት ለመሆን ዘመድ መሆን አያስፈልግም፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ያቺም ውሸት ናት።

ዲኗ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብልቃጥ እያሳየች ወደ እናት ዞረች። "ስለዚህ ብልቃጥ የሚያውቁት ነገር አለ?"

የዓለምዘርፍ ቀና አላለችም። ዓይኗ ብልቃጧ ላይ ነው። በአማርኛ፣ በዝግታ፣ እንዲህ አለች፤ "እኔ ነኝ የሰጠኋት። በገዛ እጄ ነው ሻንጣዋ ውስጥ የከተትኩት። አልሰረቀችም።"

ገብረየስ ጉሮሮውን ጠረገና በጥሩ እንግሊዝኛ አስተረጎመ፤ "በጣም አዝኛለሁ፣ ስለ ብልቃጡ ግን የማውቀው የለም ትላለች።"

ዲኗ ራሷን ነቀነቀች። አንደኛው አስተማሪ መጻፍ ጀመረ።

የዓለምዘርፍ እንግሊዝኛ ትንሽ ነው። ይህችን ለመስማት ግን በቂ ነው። ሳሌምን አየቻት፤ ሳሌም መሬት መሬት ታያለች፤ ትከሻዋ ወርዷል፣ የተገላገለች ትመስላለች። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። የዋሸችው እሷ አይደለችም። የራሷን ተናግራለች፤ ያጣመመው ሌላ ሰው ነው። እግዜርም አፍሽ ንጹሕ ነው ይላት ይሆናል። ሥራዋ ይተርፋል። አስተማሪው ጽፎ ሊጨርስ ነው።

"ኖ" አለች።

ሁሉም ቀና አሉ።

"ኖ። እሱ ልክ አይደለም።" ተነሳች። ካፖርቷ ተከፈተ፣ የሥራ ልብሷ ታየ። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች ተናገረች፤ "ብልቃጥ፣ እኔ። መድኃኒት፣ እኔ። ልጄ ሌባ አይደለችም። ለእኔ ብላ ዋሸች።"

"እማ፣ ስቶፕ!" አለች ሳሌም።

"ዝም በይ አንቺ።"

ነርሷ ወደ ፊት ጠጋ አለች። የለበሰችውን ልብስ አይታዋለች። "ነርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት?"

"አዎ።"

"መድኃኒት ያለ ስሙ፣ ያለ ሐኪም እንደማይሰጥ ያውቁ ነበር?"

ገብረየስ በአማርኛ ሹክ አለ፤ "አላውቅም በይ። በፈጠረሽ፣ ይህችን እንኳ አላውቅም በይ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ሥራ ላይ አልሰጥም። ለሰው እናት አልሰጥም። ለልጄ ሰጠሁ።" ወደ ነርሷ ዞረች። "ስብሰባ ቀን እርስዎ ተናገሩ። እኔ አልሰማሁም። ልጅ አስተርጉሚ አልኩ። ጥፋት የእኔ ነው።"

ሳሌም ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም ተናገረች፤ ነርሷ ያለችውን በደንብ ሰምታ እንደነበር፣ ለእናቷ ቆርጣ እንደነገረቻት፣ ክፍሏን ለማየት ቸኩላ እንደነበር። ምንም ሳትቀንስ ሁሉንም አወጣችው።

"ጨረስሽው" አለ ገብረየስ፣ ለእናት። "በገዛ አፍሽ ጨረስሽው።"

ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ተደረገ። ተመልሰው ሲገቡ ዲኗ የስልክ አስተርጓሚ አስቀርባ ነበር፤ ድምጿ የጎንደር ለዛ ያለው አንዲት ሴት። ገብረየስ ውጪ ቆየ። ሳሌም አትባረርም። ለጓደኛዋ መድኃኒት ስለሰጠችና ስለዋሸች ግን እስከ ታንክስጊቪንግ በዓል ማግሥት ቤቷ ትቆያለች፤ ቦታዋና ስኮላርሺፗ ይጠበቃል። እውነቱ ዛሬ ባይነገር ኖሮ፣ አለች ዲኗ፣ ስርቆትና መድኃኒት ማደል ተደምሮ ውሳኔው ሌላ ነበር። ለመሥሪያ ቤትዎ እኛ አንደውልም፤ የክሌር ቤተሰብ የሚያደርገውን ግን አናውቅም።

የዓለምዘርፍ የክሌርን እናት ላናግር ብላ ለመነች። ነርሷ ደወለችላት። አስተርጓሚዋ ይቅርታውን ቃል ሳትጥል አደረሰችው። ከወዲያ በኩል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጣ፤ "ሆስፒታል ደርሼ ልጄ ገና በቅጡ መተንፈስ አቅቷት እጄን ስትጨብጥ አይቻለሁ።" ስልኩ ተዘጋ። የዓለምዘርፍ የስልኩን እጀታ ይዛ ቆመች። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ምሕረት ይገባኛል አይልም። ትዋጠው።

ሳሌምን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ ገብረየስ እስከ ፌርፋክስ በፍጥነት ነዳ። ከዚያ፣ "ሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለ።

"ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር አልኩ፣ እርስዎ ሌላ አሉ።"

"ላድንሽ ብዬ ነው!"

"ከማን? ከልጄ?"

ገብረየስ ሬድዮውን ከፈተ።

ሰኞ ዕለት ሥራ ገብታ ለአለቃዋ ሁሉንም ነገረቻት። አለቃዋ ሰምታ ስትጨርስ "እናስብበታለን" አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። የዓለምዘርፍ እስካሁን በዚያ ቃል ሥር ነው ገብታ የምትወጣው። አበዛሽ ሰላምታ አቁመዋል። ማኅበሩ ውስጥ "ልጇን ልታስባርር የነበረች" እያሉ ያሟታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በጓሮ በር መጥቶ "የእኔም ልጅ ሻንጣ ውስጥ አለ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ይጠይቃታል። የሚያሟትና የሚጠይቋት አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው።

ሳሌም ከበዓሉ በኋላ ተመለሰች። ክሌር ክፍል ቀይራለች። ምግብ ቤት ሲገናኙ ክሌር ራሷን ነቀነቅ ታደርግላታለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ጓደኝነቱ ይመለስ አይመለስ የክሌር ፈንታ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልጆቻችሁን አዳሪ ወዳስገባችሁት። ነገ፣ በሥራ ሰዓት፣ በእረፍታችሁ ላይ፣ ለልጃችሁ ትምህርት ቤት ነርስ ደውሉ። "አማርኛ አስተርጓሚ" በሉ፤ እስኪመጣ ጠብቁ። ልጄ የሚያማት ይህ ነው፣ ሰውነቷ የማይቀበለው ይህ ነው፣ ከቤት ይህንን ይህንን አስይዣታለሁ፣ ከክፍሏ ውሰዱልኝ በሉ። ብታፍሩም ደውሉ። ልጃችሁ "እማ፣ ተይው" ብትላችሁም ደውሉ። እባካችሁ፣ የሰው ልጅ ትንፋሽ እስኪያጥራት አትጠብቁ።